አራት ሜትር

ሰኞ ዕለት ብሄድ ሲስተም የለም ተባልኩ፤
ማክሰኞ ስብሰባ፤ ደጅ ቆሜ ዋልኩ፤
ረቡዕ ከሰዓት መስኮቱ ተዘግቷል፤
ዘበኛው አዘነ፦ «ነገ ነይ እናቴ፣ የጫት ሰዓት ገብቷል።»
ሐሙስ ግን ቀናኝና ዝርዝር ተቀበልሁ፤
ባንድ ገጽ ወረቀት አሥር ቢሮ ተላክሁ፦

የቲን ቁጥር፣ አሻራ፣ የጤና ማስረጃ፣
የአባቴ ቤት ካርታ ከውርስ ማረጋገጫ፣
ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ጆሮ የሚታይበት፣
ለብቻ ሽንት ቤት፣ ውኃ የሚሄድበት፣
የሦስት ጎረቤት ፊርማ። እታች ደግሞ፣ በደቃቅ ፊደል፣
መጠጥ ቤት ከትምህርት ቤት መቶ ሜትር ይራቅ ይላል።

ፍሪጁ ቀድሞ ገብቷል፤ በዕቁብ የገዛሁት፤
ባዶ ሆዱን ሲያንጎራጉር ሌሊቱን አደመጥኩት።
ጡረታ ያልኩትማ እንደ ደቻቱ ነው፤
ስሙ ወንዝ ነው እንጂ አሸዋ ነው ያለው።

ኢብሳ የሚባል ልጅ መለኪያ ይዞ መጣ፤
ረጅም የብረት ምላስ ከጥቅልሉ ወጣ።
ጫፉን ለኔ ሰጠኝ፦ «እትዬ፣ ከበሩ ላይ ያዢ!»
የገዛ ገመዴን እኔው ሆንኩ ጫፍ ያዥ።
እሱ እየተረተረ በኒሙ ጥላ ሥር ሄደ፤
ባጃጅ ቆሞ አሳለፈው፤ ፍየል ቢዘለውም ነጎደ።
ከትምህርት ቤቱ በር ጮኸ፦ «ዘጠና ስድስት!»
አራት ሜትር ጎደለኝ፤ የአንዲት ጓዳ ርዝመት።

«ልጄ» አልኩት «አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤
ብረት በድሬ ቀትር ይረዝማል ይለን ነበር።
መለኪያህ ከረዘመ የኔ መንገድ ያጥራል፤
በጥር ማለዳ ለካው፤ ቁጥሩ ይስተካከላል።»
ሳቀ። ሳቀና ጻፈው።
ላቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ፤ ቁጥሩን ግን አልነካው።

አዩብ አብዶሽ ግንበኛው፣ ግድግዳ ተጋሪዬ፣
በዕድሜው መጠጥ ያልቀመሰ፣ ሰጋጁ ጎረቤቴ፣
ቅጹን ሁለቴ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ሦስተኛ አነበበው።
«ወላሂ» አለ «ይህ ፊርማ ለጠርሙሱ አይደለም፤
ጎርፍ የመጣ ሌሊት ከናንተ ደጅ በቀር የበራ ፋኖስ የለም።
ደግሞ፣ አቦ፣ የሚለካው ከበር አይደል? በር ይዞራል፤
ግንብ እንጂ ተራራ አይደል፤ መዶሻ ይሰማል።»

ቅዳሜ ጀርባውን ፈልፍሎ ከፈተ፤ ፊት ለፊቱን ደፈነ።
አባቴ በሬሳ የወጣበት በር ግድግዳ ሆነ።
እጄን ልስኑ ላይ ጫንኩ፤ ገና እርጥብ ነበር።
ምንም አላልኩም። ለአዩብ ውኃ ቀዳሁለት፣ በትልቁ ጣሳ።
ሰኞ ኢብሳ ጥጉን ዞሮ ለካ፤
«መቶ ሰባት!» ብሎ እስክሪፕቶውን አነሣ።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ፈቃዱ ወጣልኝ።
አልጋነሽ የነበርኩት እዚያ ላይ አልጋየሽ ነኝ፤
ይታረም ብል ሌላ ወር ነው፤ ደጅ ጥናት ነው፤ ይቆየኛል፤
ፍሬም ገዝቼ ሰቀልኩት። አልጋየሽም ያበላኛል።

አሁን ደንበኞቼ በአሸዋው ያቋርጣሉ፣ በስልካቸው መብራት፤
የባቡር ጡረተኞች፣ ሹፌሮች፣ አንድ የሒሳብ መምህር፣ ዘወትር ማታ ማታ።
አዩብ ከውጭ፣ ከባዶ ሳጥን ላይ፣ አምቦ ውኃውን ይዞ
የገነባውን መቃን ያያል፤ ጠማማ ነው ይላል፤ አይደለም።

ክረምት ሲገባ፣ ከጋራው ወዲያ ሰማይ ሲያጉረመርም፣
ብርጭቆ ማጠቤን ትቼ እቆማለሁ።
ከትምህርት ቤቱ መቶ ሰባት፤ ማኅተም አለው፤ ተመዝግቧል።
ከወንዙስ? ቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤ ማንም አልጠየቀኝ።
አንድ ሌሊት፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ
ከደጃፌ እስከ አሸዋው በርምጃዬ ለካሁት።
አሥራ አንድ።
ለአዩብም አልነገርኩት።
ፈቃዱ የሚታደሰው በሐምሌ ነው።